የሰፈር ዲች፣ አካፋና በጀት፦ የጅማ ወጣቶች ከጽዳት ዘመቻ አልፈው ምን ይከታተሉ?

ሄርማታ (የውይይቱን ክር የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ወጣቶችና መልካም አስተዳደር ስንወያይ ነገሩ ሰፍቶ ሰፍቶ መያዣ ያጣል። ስለዚህ እዚህ አንድ ነገር ብቻ እንያዝ፦ በየሰፈሩ ያለውን የጎርፍ መውረጃ ዲች። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርድባታል። ዲቹ በደለል፣ በፌስታልና በጫት ገራባ ይደፈናል፤ ውሃው መንገዱን ይይዛል፣ ኮብልስቶኑን ከሥሩ ይበላዋል፤ ከዚያ ወጣቱ አካፋ ይዞ እንዲወጣ ይጠራል። በዓመቱም እንደገና።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ወጣቱ አካፋ መያዙ መልካም ነው፤ ሜትርና ወረቀት ካልያዘ ግን በየዓመቱ ያንኑ ደለል ሲጠርግ ይኖራል። ዲቹ ለምን እንደሚሞላ ማወቅ፣ ማን እንደሠራው፣ ርክክቡ መቼ እንደተፈጸመ፣ ለጥገና ስንት ብር እንደተያዘ መጠየቅ የወጣቱ ሥራ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም አካባቢያቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በሙያው ያላችሁ መጠኑን፣ ቅደም ተከተሉንና የሚበላሸውን ነገር በዝርዝር ጻፉልን።

ኢንጂነር ኪቶ

ከመለካት ልጀምር። «ዲቹ ተበላሽቷል» የሚል አቤቱታ «እናየዋለን» በሚል ቃል ይመለሳል። ቁጥር ያለበት አቤቱታ ግን በቁጥር መመለስ አለበት።

የሚያስፈልጉት ባለ 30 ሜትር የጨርቅ ሜትር፣ 15 ሜትር ያህል ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ሁለት ቀጥ ያሉ ዱላዎች፣ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ፣ ጠመኔና ደብተር ናቸው። አራት ሰው ይበቃል።

ዲቹን በየ10 ሜትሩ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። በእያንዳንዱ ምልክት ላይ ስፋቱን፣ ከአፉ እስከ ጠንካራው ወለል ያለውን ጥልቀትና የተኛውን ደለል ውፍረት ጻፉ። ደለሉን በፌሮው ውጉት፤ ወለሉን ሲነካ ድምፁ ይለያል፣ እጅም ላይ ይሰማል።

ቀጥሎ ቁልቁለቱ ነው። ቱቦውን ውሃ ሙሉትና ሁለቱን ጫፎች ሁለት ምልክቶች ላይ ከቆሙት ዱላዎች ጋር አጣብቃችሁ ያዙ። ውሃው በሁለቱም በኩል እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። በየበኩሉ ከውሃው እስከ ዲቹ ወለል ለኩ፤ የሁለቱ ልዩነት ወለሉ የወረደው መጠን ነው። ሥራውን የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ቱቦው ውስጥ የቀረ የአየር አረፋ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ጫፎች መጀመሪያ ጎን ለጎን አቁማችሁ ውሃው እኩል መሆኑን እዩ። ሌላው ንባብ ስትወስዱ ጫፉን በአውራ ጣት እንደደፈናችሁ መርሳት ነው።

በእኛ ሰፈር ዓይነት ዲች አፈሩን ይዞ እንዲሄድ ቢያንስ ግማሽ በመቶ ቁልቁለት ይፈልጋል፤ በ100 ሜትር 50 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። በ60 ሜትር ላይ 30 ሴንቲ ሜትር መውረድ ሲገባው 12 ብቻ ከወረደ፣ ስንቴ ቢጠረግ ይሞላል። ያን ጊዜ ጥፋቱን ቆሻሻ በሚጥለው ነዋሪ ላይ ብቻ ማሳበብ ልክ አይደለም፤ ዲዛይኑ ወይም ግንባታው መታየት አለበት። ቁልቁለቱ ደህና ሆኖ ደለሉ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከተቆለለ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በግቢ መግቢያ ሥር የተቀበረ ጠባብ ቱቦ ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዲች በ30 ሴንቲ ሜትር ቱቦ እንዲያልፍ ሲገደድ ውሃው ከቱቦው በፊት ይተኛል፣ የያዘውን አፈርም እዚያው ይጥላል። እነዚህን መግቢያዎች አንድ በአንድ ቆጥራችሁ የቱቦውን ስፋት መዝግቡ።

አሁን ስለ ጭነቱ። 120 ሜትር ርዝመት፣ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ በአማካይ 25 ሴንቲ ሜትር ደለል 18 ሜትር ኩብ ይሆናል። ተቆፍሮ ሲላላ ወደ 22 ይጠጋል። 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ሲኖትራክ ሁለት ምልልስ ያስፈልገዋል። ይህ ሒሳብ አስቀድሞ ካልተሠራ መኪናው ሳይመጣ ቁፋሮው ይጀመራል፣ ጭቃው ዲቹ ጠርዝ ላይ ተቆልሎ ያድራል፣ የመጀመሪያው ዝናብም መልሶ ይከተዋል። የአንድ ቅዳሜ ጉልበት በዚህ ይባክናል፤ በጣም ያሳዝናል።

የመንደራ ልጅ

ኢንጂነር፣ እናመሰግናለን። የመጨረሻው ነጥብ ደንብ ቢሆን ደስ ይለኛል፦ መኪናው ሳይረጋገጥ አካፋ አይነሳ።

አንድ ልጨምር። ጉልበታችን በወረቀት ይቆጠር። 25 ሰው ለ4 ሰዓት ሲሠራ 100 ሰዓት፣ በ8 ሰዓት የሥራ ቀን ሲካፈል 12 ቀን ተኩል የሰው ጉልበት ነው። በሰፈሩ የቀን ሠራተኛ ዋጋ ተባዝቶ፣ ስምና ፊርማ ተይዞ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» ተብሎ ለቀበሌው ይግባ። ከተሞች የነዋሪውን መዋጮ በብርም በጉልበትም ይመዘግባሉ፤ የእኛ ካልተጻፈ አልተሠራም ማለት ነው። ሲጻፍ ደግሞ «እኛ ይህን ያህል አዋጥተናል፣ የመንግሥት ድርሻስ የት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

ሴቶች ልጆችን በተመለከተም ላንሳ። ስብሰባው ከመሸ በኋላ ከተጠራ አይመጡም፤ ቢመጡም ቶሎ ወደ ቤት መመለስ አለባቸው። ዲቹ ሞልቶ ውሃ ቤት ሲገባ ግን መጀመሪያ የሚያወጡት እነሱ ናቸው። ሰዓቱን ለእነሱ እናስተካክል።

ሒሳብ ሹም

ልጆቼ፣ ጥሩ ይዛችኋል። እኔ ስለ ገንዘቡ ልጻፍ።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ወጣቶች ጥያቄ የሚያቀርቡት ግን ጎርፉ ሲመጣ፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ያለፈው በጀት ተዘግቷል፣ የሚመጣው ደግሞ ተደልድሏል። የሴክተር መሥሪያ ቤቶች የዓመቱን ዕቅድና የበጀት ጥያቄ የሚያዘጋጁት በጀቱ ከመጽደቁ ከወራት በፊት ነው። ስለዚህ ልኬታችሁ ታኅሣሥና ጥር ላይ ተጠናቆ፣ ጥያቄያችሁ የካቲት ላይ ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ አለበት። ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ስለሆነ ብዙ ወጣት ገጠር ይወርዳል፤ የአራት ሰው የልኬት ቡድን ግን አይጠፋም።

ሁለተኛው ነገር፦ አዲስ ዲች መገንባት ካፒታል በጀት ነው፤ ጠረጋና ትንንሽ ጥገና መደበኛ በጀት ነው። የጥገናን ጥያቄ ለካፒታል በጀት ሰዎች ብታቀርቡ «በጀት የለም» ይሏችኋል፤ በእነሱ በኩል እውነት ነው። ደብዳቤያችሁ ላይ ሁለቱን ለዩ፦ «ከምልክት 1 እስከ 7 ጠረጋ፣ ከምልክት 7 እስከ 13 ወለሉ ፈርሶ እንዲሠራ»።

ሦስተኛ፣ የፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶች የጸደቀውን በጀትና አፈጻጸሙን ሕዝብ በሚያየው ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፉ የፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት አሠራር አለ። ሰሌዳውን ፎቶ አንሱት፣ ቀኑንም ጻፉበት። የተለጠፈው ያረጀ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠይቁት አዲሱ እንዲለጠፍ ይሁን። ለመመለስ የሚቀል ጥያቄ ነው፤ በሩንም ይከፍትላችኋል።

ነገረ ፈጅ

ስለ ደብዳቤው እኔ ልቀጥል፤ እዚህ ላይ ብዙ ወጣት በትንሽ ነገር ይሸነፋል።

የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ደብዳቤያችሁን በአፋን ኦሮሞ ጻፉ። በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ይዞ መሄድ «አስተርጉማችሁ አምጡ» የሚል ምክንያት ይሰጣል፤ ሁለት ሳምንት ይበላል።

አንድ ደብዳቤ አንድ ጉዳይ ይያዝ፣ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የምትፈልጉትን ሰነድ በስሙ ጥሩት፦ የዲቹ የሥራ ውል፣ በግንባታ ሰዎች አነጋገር ቢኦኪው የሚባለው የሥራ መጠንና የዋጋ ዝርዝር፣ የጊዜያዊ ርክክብ ቃለ ጉባኤ፣ የመጨረሻ ርክክብ ቃለ ጉባኤ። «ስለ ዲቹ ያለው መረጃ ሁሉ ይሰጠን» ብሎ የጻፈ ምንም አያገኝም።

ርክክብ ላይ ትኩረት አድርጉ። በጊዜያዊውና በመጨረሻው ርክክብ መካከል በተለምዶ አንድ ዓመት ያህል የጉድለት ማስተካከያ ጊዜ ይኖራል፤ ከኮንትራክተሩ ክፍያም የተወሰነ መያዣ ገንዘብ ይቆያል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የታየ ስንጥቅ፣ የሰመጠ ወለል፣ የተነቀለ ኮብልስቶን በሠራው ወጪ ይጠገናል። ጊዜው ካለፈ በከተማው ወጪ ነው። ስለዚህ አዲስ ሥራ ሰፈራችሁ ውስጥ ሲያልቅ የመጀመሪያውን ክረምት ተከታተሉት፤ ጉድለቱን ከመጨረሻው ርክክብ በፊት በጽሑፍ አስገቡ። ወጣቱ ለከተማው እውነተኛ ገንዘብ የሚያድንበት ጊዜ ይህ ነው።

ደብዳቤውን በኃላፊው እጅ አትስጡ። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፤ በራሳችሁ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመቱ። ግልባጭ ለማዘጋጃ ቤትና ለቅሬታ ሰሚ ይሁን። የመረጃ ነፃነት መብት በአዋጅ ቁጥር 590/2000 የተደነገገ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ቀኑ የሚቆጠረው ከገቢው ማኅተም ነው፤ ማኅተም ከሌለ ቀን የለም። ካልተመለሰ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ቅሬታ፣ ከዚያ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም።

በልኬታችሁ ላይ ስርቆት የሚያስጠረጥር ነገር ከታየ፣ ለምሳሌ ቢኦኪው 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እያለ መሬት ላይ 40 ከሆነ፣ የማንንም ስም ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትለጥፉ። ምናልባት ዲዛይኑ በሕጋዊ መንገድ ተቀይሮ ይሆናል፤ መጀመሪያ የለውጥ ትእዛዝ መኖሩን ጠይቁ። ከሌለ ለሚመለከተው የፀረ ሙስና አካል ይቅረብ። ጠቋሚና ምስክርን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ።

ሄርማታ

ነገረ ፈጅ፣ አንድ ጥያቄ። ይህን ለማድረግ ማኅበር ሆኖ መመዝገብ ያስፈልጋል? እኔ መመዝገብ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ያለ ማኅተም የሚሰማ የለም።

ነገረ ፈጅ

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። መረጃ የመጠየቅ መብት የማንኛውም ሰው ነው፤ አምስት ነዋሪዎች በስማቸውና በፊርማቸው መጠየቅ ይችላሉ። ምዝገባ ገንዘብ ስትቀበሉ፣ ንብረት ስትይዙ፣ ሠራተኛ ስትቀጥሩ ያስፈልጋል። ያን ጊዜም ሥራችሁ ኦሮሚያ ውስጥ ብቻ ከሆነ የምትሄዱት ወደ ክልሉ ነው፤ የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 በዋናነት ከአንድ በላይ ክልል ለሚሠሩ ነው። ብዙ ቡድን መተዳደሪያ ደንብ ሲጽፍ፣ ሊቀ መንበር ሲመርጥ ክረምቱ ይደርስበታል። መጀመሪያ ለኩ።

ሒሳብ ሹም

በማኅተሙ ጉዳይ መሐል ላይ ልቁም። ዕድሮቻችንን አትርሱ። የተመዘገበ፣ ማኅተም ያለው፣ በየወሩ የሚሰበሰብ ዕድር በየሰፈሩ አለ። ልኬታችሁን በዕድሩ ስብሰባ ላይ አሥር ደቂቃ አቅርባችሁ የድጋፍ ደብዳቤ ውሰዱ። የአባቶችና የእናቶች ቃል ሲጨመርበት ቀበሌው «የልጆች ነገር» ብሎ አይገፋውም።

ገራባ

ዲቹ ውስጥ የሚገባውን ቆሻሻ ካልቀነስን ልኬቱም ግማሽ መንገድ ነው።

በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የጅማ ጥናት ከተማዋ በቀን 88,000 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ ቆሻሻ እንደምታመነጭ፣ በሰው 0.55 ኪሎ ግራም እንደሚደርስ፣ 54 በመቶው የሚበሰብስ መሆኑን አሳይቷል። በዝናብ ወቅት መጠኑ ከበጋው 40 በመቶ ይጨምራል፤ ዲቹ ውሃ ማስተላለፍ ባለበት ወቅት ማለት ነው። የማዘጋጃ ቤቱን ገንዳ ሲጠቀም የተገኘው ነዋሪ 25 በመቶ ብቻ ነበር። ዛሬ ሕዝቡም ቆሻሻውም ጨምሯል፤ መነሻ ቁጥር ግን ይህ ነው።

የሚበሰብሰው ለተደራጁ ወጣቶች ሥራ ይሆናል፤ ኮምፖስት። ክምሩ ሥሩ 2 ሜትር ስፋት፣ ቁመቱ 1.2 እስከ 1.5 ሜትር ይሁን፤ ከዚህ ካነሰ አይሞቅም። 20 ሴንቲ ሜትር የወጥ ቤት ትርፍ፣ በላዩ 10 ሴንቲ ሜትር ደረቅ ነገር፤ ጅማ ላይ የቡና ገለፈት ሞልቷል። የገራባው ቅጠል ቶሎ ይበሰብሳል፤ እንጨቱ ግን በጣት ርዝመት ካልተቆረጠ ሦስት ወር ቆይቶ እንዳለ ይወጣል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አታብዙ፣ መበስበስን ያዘገያል።

እርጥበቱን በእጅ ፈትሹ። ከክምሩ ውስጥ አንድ እፍኝ ወስዳችሁ ጨምቁ፤ በጣቶቻችሁ መሐል ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ ብቅ ካለ ልክ ነው። ከወረደ በዝቷል፣ ገለፈት ጨምሩ። እጅ ስትከፍቱ ከፈረሰ ደርቋል። ሙቀቱን ለማወቅ ፌሮ መሐሉ ላይ ሰክታችሁ አሥር ደቂቃ ተዉት፤ ስታወጡት ይዞ መቆየት ካቃተ ጥሩ ሞቋል። በየሳምንቱ አገላብጡት። ከሸተተ አየር አጥቷል፤ ቀዝቅዞ ከቀረ ደርቋል ወይም አንሷል። በክረምት ጣሪያ ከሌለው የተደከመበት ነገር ታጥቦ ወደዚያው ዲች ይሄዳል፤ ከአዌቱ አልፎም ወደ ግልገል ጊቤ።

የሚያከስረው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፦ ስብርባሪ ጠርሙስና የባትሪ ድንጋይ። አንድ ጊዜ የተቀላቀለበትን ኮምፖስት ችግኝ ጣቢያ አይገዛም። መለየት ያለበት ቤት ውስጥ፣ በሁለት ማዳበሪያ ጆንያ ነው። ክፍያ የሚሰበስበው ልጅም ደረሰኝ ይስጥ፤ ያለ ደረሰኝ የሚሰበሰብ ብር በሦስተኛው ወር ጭቅጭቅ ያመጣል፣ ቤቶችም መክፈል ያቆማሉ።

የመንደራ ልጅ

ገራባ፣ ይህ ለብቻው ክር ይገባዋል። ክፈተው።

አወያይ

ልኬት አለ፣ ደብዳቤ አለ። የቀረው ፊት ለፊት መገናኘቱ ነው። በማኅበራዊ ተጠያቂነት ሥራ የማኅበረሰብ ውጤት ካርድ የሚባለው ለዚህ ይሆናል።

ወጣት ወንዶች፣ ወጣት ሴቶች፣ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች ለየብቻ፣ በቡድን ከ8 እስከ 12 ሰው ሆነው ይቀመጡ። አምስት መለኪያ ይበቃል፦ ዲቹ በዓመት ስንት ጊዜ ይጠረጋል፣ የወጣው ጭቃ በስንት ቀን ይነሳል፣ ገንዳው ሲሞላ በስንት ቀን ይመጡለታል፣ የመሻገሪያ ክዳኑ ደህና ነው ወይ፣ ቅሬታ መልስ ያገኛል ወይ። ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይስጡ። ነጥቡ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ከጎኑ «ለምን 2 ሰጣችሁ?» የሚለው መልስ ይጻፍ። ቡድኖቹን አትደባልቁ፤ ዊልቸር ለሚጠቀም ሰው የክዳኑ ነጥብ 1 ሆኖ ለሌላው 4 ሊሆን ይችላል፤ አማካዩ ያንን 1 ነጥብ ይሰውረዋል።

የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞችም በእነዚያው መለኪያዎች ራሳቸውን ለብቻቸው ይመዝኑ። ይህ ደረጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ከተዘለለ ስብሰባው ክስ ይሆናል፣ ባለሙያው ይከላከላል፣ ሁሉም ተኮራርፎ ይወጣል። ራሱ «መኪና አንድ ብቻ ስለሆነ 2 ሰጥተናል» ብሎ ሲመጣ ግን ንግግሩ ስለ መኪናው ይሆናል። የጋራ ስብሰባውን የቀበሌው ሊቀ መንበርም የወጣቱ ተወካይም አይምሩት፤ ሁለቱ ወገኖች የሚቀበሉት ሦስተኛ ሰው ይምራው።

መጨረሻ ላይ አንድ ወረቀት ይሞላል፦ ችግሩ፣ የሚሠራው፣ የኃላፊው ስም፣ ቀን፣ መሠራቱ በምን እንደሚረጋገጥ። «ጽሕፈት ቤቱ» ተብሎ አይጻፍ፤ የሰው ስም ይጻፍ። «በቅርቡ» አይባልም፣ ቀን ይባላል። ከሦስት ወር በኋላ በዚያው ወረቀት ላይ ተመልሳችሁ ተገናኙ። ሐሙስ ገበያ ነው፣ ዓርብ ቀትር ጁምዓ ነው፣ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ የተጠራ ስብሰባ ሰው ያገኛል።

ሄርማታ

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርታቸው በየቀበሌው ቤት ለቤት መረጃ ይሰበስባሉ። ያን መረጃ መጠየቅ ይቻላል?

ኢንጂነር ኪቶ

ይቻላል፣ ይገባልም። ቡድኖቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ ያገኙትን ለማኅበረሰቡ ያቀርባሉ፤ በዚያ ቀን ተገኝታችሁ ቅጂ ጠይቁ። በሚቀጥለው ዙር ሲመጡ ደግሞ ዲቹን ከመጠይቃቸው ውስጥ እንዲያስገቡ ከመጀመሪያው ሳምንት ንገሯቸው። በቱቦ የለካችሁት አጠያያቂ ከሆነ ኪቶ ፉርዲሳ ካለው የቴክኖሎጂ ተቋም የከፍታ ልዩነት በሚለካ የሌቭል መሣሪያ እንዲያረጋግጡላችሁ በደብዳቤ ጠይቁ፤ ለተማሪ የግማሽ ቀን የመስክ ልምምድ ነው።

ስለ ክዳኖቹ አወያይ ያነሳውን ላጠናቅቅ። ክዳን ስታሠሩ ሁለት ሰው የሚያነሳው ይሁን። 60 በ50 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 10 የሆነ የአርማታ ክዳን 75 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በሁለት ጎኑ የፌሮ እጀታ ይውጣለት። ርዝመቱ አንድ ሜትር ከሆነ 150 ኪሎ ይደርሳል፣ ማንም አያነሳውም፣ ከሥሩ ያለውም ደለል አይጠረግም። እጀታው ከክዳኑ ወለል በላይ እንዳይቆም ጎድጎድ ባለ ቦታ ይቀበር፤ ካልሆነ ማታ የሚያልፍ ሰው ይሰናከልበታል።